አንድ ድምፅ ላይ ሁለት ኮምፕሬሰር

ወንድሜ፣ «አንድ ቮካል (የዘፋኝ ድምፅ) ላይ ሁለት ኮምፕሬሰር ብደረድር ድምፁን አይገድለውም ወይ? ስቀዳስ ልጠቀም?» ብለሃል። አይገድለውም። ኮምፕሬሰር ጮክ ያለውን ዝቅ እያደረገ ጩኸቱንና ለሆሳሱን የሚያቀራርብ መሣሪያ ነው፤ ሥራ ከተከፋፈሉ እንዲያውም ከአንዱ ሁለቱ ይሻላሉ።

እዚህ ሐዋሳ የምቀዳቸው ብዙዎቹ ልጆች በለሆሳስ ይጀምሩና አዝማቹ ላይ ይለቁታል። ያንን ሁሉ ለአንዱ ብታሸክመው 8 ወይም 10 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) ሲጨፈልቅ በግልጽ ይሰማል። ለሁለት ስታካፍለው ግን እያንዳንዱ 4 ወይም 5 ዲቢ ብቻ ይቀንሳል፤ ጆሮ አይነቃበትም።

ፈጣኑን አስቀድም። ሥራው ድንገት የሚዘለውን ጫፍ መያዝ ብቻ ነው። እኔ 1176 የሚባለውን ፈጣን ኮምፕሬሰር የሚመስል ፕለጊን (ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የድምፅ ፕሮግራም) ሬሾውን 4 ለ 1 ላይ አደርጋለሁ፤ ከልኩ በላይ የወጣ 4 ዲቢ 1 ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። የእሱ አታክ (ድምፁን ለመያዝ የሚፈጅበት ጊዜ) እና ሪሊዝ (ለመልቀቅ የሚፈጅበት ጊዜ) ወደ ቀኝ ሲዞሩ ነው የሚፈጥኑት፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። አታኩን ወደ ግራ፣ ሪሊዙን ወደ ቀኝ አድርገው። አማርኛ ላይ «ጠ»ን፣ «ቀ»ን፣ «ጨ»ን በደንብ አድምጥ። ፈንድተው ነው የሚወጡት። ሪሊዙ ከዘገየ ኮምፕሬሰሩ ፊደሏን ይይዝና ከኋላዋ ያለውን አናባቢ ይውጠዋል፤ «ጠራኝ» ሲል «ራኝ» ወደ ኋላ ይሸሻል።

ቀጥሎ ቀርፋፋው ኮምፕሬሰር፣ ኤልኤ-2ኤ የሚባለው ዓይነት፣ ይገባል። ከያዘው ግማሹን በ60 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይለቃል፤ ቀሪውን ግን እስከ 5 ሰከንድ ሊያቆየው ይችላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የማላስገባው። አንድ ጩኸት ከነካው ተከትሎ የሚመጣውን ስንኝ ይዞት ይወርዳል። ጫፉ አስቀድሞ ከተስተካከለለት ግን ድምፁን በእርጋታ ያቀርበዋል።

ሬሾው ይባዛል፤ ይህን ልብ በል። 4 ለ 1 እና 2 ለ 1 ሁለቱም በሚሠሩበት ቦታ 8 ለ 1 ይሆናሉ። ቮሊዩሙን መልሰህ ስታነሳው ደግሞ የክፍሉ ድምፅም አብሮ ይነሳል። የባጃጁ ጡሩምባ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ሁሉም ፊት ለፊት ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ጸጥ ያለ ሰዓት ፈልግ።

ስትቀዳ? በ24 ቢት (የቅጂው ጥራት) ጫፉን ከዜሮ፣ ማለትም ድምፁ ከሚሰነጠቅበት ጣሪያ፣ በታች 10 ወይም 12 ዲቢ ላይ ካቆየኸው ኮምፕሬሰር አያስፈልግህም። ተጨፍልቆ የተቀዳ አይመለስም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ፕለጊንም ኢንተርፌሱ (ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው ሣጥን) መግቢያ ላይ የተሰነጠቀውን ድምፅ አያድንም፤ እሱ ጋ ሲደርስ አልቋል።

በየደረጃው ባይፓስ እያደረግክ (ኮምፕሬሰሩን እያጠፋህና እያበራህ) አወዳድር፤ ቮሊዩሙ ግን እኩል ይሁን። ጮክ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላል። ክራር ላይ ግን ሁለት አትደርድር፣ አንዱ ይበቃል። የክሩ ንክኪ ከጠፋ የሚቀርልህ ነገር የለም።