ለአንድ ሳምንት ልጇን ቤት ልታስተምር ላሰበችው እህት፦ እኔ የከሰርኩበትን አትድገሚው

እህቴ፣ «የ6 ዓመት ልጄን በዚህ መኸር ለአንድ ሳምንት ቤት ላስተምረው አስቤያለሁ፤ ፕሮግራም ያላችሁ ላኩልኝ» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን ጉድ አስታወስሽኝ። ፕሮግራም አልክልሽም። እኔም እንዳንቺው ጠይቄ አራት ሰው ልኮልኝ ነበር፤ አራቱንም አዋህጄ አንድ አወጣሁ። መዘዙ የጀመረው ከዚያ ነው።

1. መጽሐፍ አትግዢ። እኔ የዓመቱን ሙሉ ጥቅል ነው የገዛሁት፤ ስድስት ወፋፍራም መጻሕፍት፣ የመምህር መምሪያ፣ ተለጣፊ ኮከብ ሳይቀር። ልጄ የሒሳቡን የመጀመሪያ ገጾች አይቶ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» አለ፤ የንባቡን ከፍቶ ደግሞ አለቀሰ። ሻጩ ዘንድ ደውዬ ብለምነው «ላስቲኩ ከተቀደደ አንመልስም» ብሎ ዘጋብኝ። ላስቲኩን ሳልቀድ ውስጡን በምን ልየው? እስካሁን ያንገበግበኛል።

2. ከትምህርት ቤቱ ጋር ያለውን ነገር በጽሑፍ ጨርሺ። ሕጉ እንደየአገሩ ነው፤ ማሳወቅ ብቻ የሚበቃበት አለ፣ ፈቃድ የሚጠየቅበት አለ፣ እንደ ጀርመን ደግሞ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር በጥቅሉ የማይፈቀድበት አለ። እኔ ደብዳቤዬን ሰጥቼ ቅጂ ሳልይዝ ወጣሁ። በሳምንቱ «ደብዳቤ አልደረሰንም፤ ልጅሽ 5 ቀን ቀሪ ነው» ተባልኩ። ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ለመሆኑ አስተማሪ ነሽ?» አለችኝ። መናገር ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም ወይ ልላት ይገባኝ ነበር፤ መልሱ የመጣልኝ ማታ ዕቃ ሳጥብ ነው። አንቺ ቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ ሳታስይዢ እንዳትወጪ።

3. ሰዓት አታብዢ። በቀን ስድስት ሰዓት ሙሉ መደብኩ፤ በየ40 ደቂቃው የሚጮህ ደወል ስልኬ ላይ ሞላሁ። ሰኞ እንደ ምንም አለፈ። ማክሰኞ እርሳስ መቅረጽ በዛ፣ ሽንት ቤት መመላለስ በዛ። ረቡዕ ደወሉ ሲጮህ ጠረጴዛ ሥር ገባና «ቤት ነው ያልሽኝ!» አለኝ። በእጁ ጠዋት ከደጅ ያነሳትን እርጥብ ቢጫ ቅጠል ይዞ ነበር። «አሁን የንባብ ሰዓት ነው» ብዬ ቀምቼው ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት። ከመጽሐፉ ኪሳራ ይልቅ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ቅጠሉ ደጃችን ላይ እየረገፈ፣ እኔ መጋረጃ ዘግቼ ወረቀት ላይ የታተመ ቅጠል «ቀለም ቀባ» እለዋለሁ!

ትንሽ ቆይቼ ከቆሻሻው አውጥቼ አጠብኳት። «ለምን ቢጫ ሆነች?» አለኝ። አላውቅም ነበር፤ አብረን ፈልገን አነበብን። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ አረንጓዴውን ቀለም፣ ክሎሮፊልን፣ መሥራቱን እየተወ ይሄዳል፤ የነበረውም ይፈራርሳል። ቢጫው፣ ካሮቲኖይድ የሚሉት፣ ቀድሞም ቅጠሉ ውስጥ ነበር፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው። ቀዩ አንቶሲያኒን ግን አብዛኛውን ጊዜ በመኸሩ አዲስ የሚሠራ ነው። ልጄ «ቢጫው ተደብቆ ነበር?» አለና ከጠረጴዛው ሥር ወጣ።

ሐሙስ «እስቲ የተደበቀውን እናውጣው» አልን። አረንጓዴ ቅጠል ቦጫጭቀን ብርጭቆ ውስጥ ጨመርን፤ ለቁስል ማጽጃ የሚሸጠውን አልኮል እስኪሸፍነው አፈሰስንበት (አልኮሉን ራስሽ ያዢ፣ እሳት አጠገብ እንዳይደርስ)። ብርጭቆውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁመን፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ እየቀየርን ጠበቅን። አልኮሉ አረንጓዴ ሲሆን ከቡና ማጥለያ ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቆርጠን ጫፉን ነከርነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እየሳበ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ከአረንጓዴው ተለይታ ቢጫዋ መስመር ስትታይ ልጄ የጮኸው ጩኸት ጎረቤት አስወጣ።

ንባቡስ ብትዪኝ፣ ከደጅ በለቀምነው ጭራሮ ፊደል ሠራን። «በ» ሦስት እንጨት ናት። ወገቧ ላይ አንድ ጭራሮ ስትጨምሪ «ቡ»፣ ያንኑ ወደ እግሯ ስታወርጂ «ቢ»፣ እሱን አንስተሽ ግራ እግሯን ስታሳጥሪ «ባ»። መጽሐፉን ከፍቶ ያለቀሰው ልጅ መሬት ላይ ተንበርክኮ «አሁን ደግሞ ምን እንሥራ?» ይለኝ ጀመር። ሒሳቡ ቅጠል በዐሥር በዐሥር ማሰር ሆነ። ሁሉም ተደምሮ በቀን ከሁለት ሰዓት አላለፈም፤ አንድ ነገር ላይም ከ15 ደቂቃ በላይ አልያዝኩትም። የምትወጡትን ጠዋት ውጡ፤ በዚህ ወቅት ከሰዓት ብለሽ ካቆየሽው ይመሽብሻል።

ዓርብ ደግሞ ሌላ ጥፋት። የሰበሰብናቸውን ቅጠሎች ሳይደርቁ ላስቲክ ውስጥ አሽጌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸው፤ ሻገቱ። ቅጠል ውኃው ተጠርጎ፣ ወረቀት መሃል ገብቶ፣ ከባድ ነገር ተጭኖበት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ ወረቀቱም እርጥበት ሲይዝ ይቀየር። ለመጫኛ እነዚያ ስድስት መጻሕፍት ሆኑልኝ፤ ገንዘቤን ያወጡት እዚህ ላይ ነው። የሒሳቡን ከፈለግሽው እሰጥሻለሁ። የተሠራበት እስከ ገጽ 12 ብቻ ነው፤ መሃሉ ላይ ግን የቅጠል እድፍ አለው።