ጦሳን በእሁድ ብቻ?

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው፤ ደሴ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። እናቴ የመርሳት በሽታ ነበረባት። እሁድ እሁድ የጦሳን ተራራ ብወጣ ለአእምሮዬ ይበቃል?

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ማለትም 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ 5 ቀን። ልኩ፦ እየሄዱ ማውራት ይችላሉ፣ መንዙማ ማዜም ግን ያቅትዎታል። ዳገቱ ላይ ማውራትም ካቃተዎት ይቀንሱ። ጉልበትን ይበልጥ የሚፈትነው ግን ቁልቁለቱ ነው፤ ዱላ ይዘው፣ አጠር አጠር አድርገው ይርገጡ። በሳምንት 2 ቀን እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበር 10 ጊዜ ይነሱ፤ አረፍ ብለው ይድገሙት።

ሰው የሚዘነጋው እንቅልፍን ነው። አንጎል ትውስታን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ሰዓት ስለሆነ ለ7 ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ይተኙ። 11 ሰዓት ላይ የጠጡት የአቦል ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከምሽቱ 4 ሰዓትም ደምዎ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ቡናውን ከቀትር በፊት ያድርጉት። ጫት ካለበትማ እንቅልፉም ግፊቱም ይበላሻል።

ከመጀመርዎ በፊት የደም ግፊትዎን ይለኩ፤ ያልታከመ ግፊት የአንጎልን ደም ሥሮች ይጎዳል። ዳገት ላይ ደረትዎን ከጨነቀዎት ወዲያው ቆመው ሐኪም ይዩ።