ባሕር ዳር ከነማ ዋንጫ ያነሣል ብሎ ተስፋ ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የምኖር የባሕር ዳር ከነማ ደጋፊ ነኝ። ቡድኔ ወደ ደረጃ ሰንጠረዡ አናት በተጠጋ ቁጥር ልቤ ይሰቀላል፤ ጓደኞቼ ግን «ሳይደርስ አትጓጓ» ይሉኛል። ተስፋ ማድረጌ ስሕተት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የጣና ሞገዶቹ በሚል ቅጽል ስም የሚጠሩት ባሕር ዳሮች በ2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ቅዱስ ጊዮርጊስን ተከትለው ሁለተኛ በመሆን ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ስለበቁ ምኞትዎ መሠረት አለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ገና ከከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው ሁለተኛ እርከን) ያደገው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋንጫውን መውሰዱ፣ ሊጉ ለተለመዱት ቡድኖች ብቻ የተተወ አለመሆኑን አሳይቷል።

ጓደኞችዎም ቢሆኑ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። ውድድሩ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድኖችን በተመረጡ ከተሞች እያሰባሰበ ሲካሄድ በመቆየቱ፣ አንድ ክለብ በገዛ ሜዳውና በደጋፊው ፊት በመጫወት የሚያገኘው ጥቅም እጅግ ቀንሷል፤ እኛም ይህን አሠራር ከልብ ወደነው አናውቅም። ስለዚህ የነጥብ ልዩነቱን ብቻ ሳይሆን ቀሪዎቹ ጨዋታዎች ከማን ጋር እንደሆኑ ይመልከቱ። መሪውን በቀጥታ ገጥሞ የሚያሸንፍ ቡድን ሦስት ነጥብ ሲያገኝ ተቀናቃኙንም ሦስት ያስጥለዋል፤ በአንጻሩ በወራጅ ቀጣና ካለ ቡድን ጋር አቻ ወጥቶ ሁለት ነጥብ መጣል በውድድሩ ማብቂያ ላይ ክፉኛ ያስቆጫል።