የሚያጣላችሁ ይሉኝታ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺና አብሮ አደግ ጓደኛሽ ቦርሳ በጀርባችሁ አዝላችሁ ታይላንድን፣ ላኦስን፣ ቬትናምንና ካምቦዲያን በሦስት ወር ልትዞሩ አስባችኋል። አንቺ የጀርመን ፓስፖርት ይዘሻል፤ እሷ የኢትዮጵያ። «ገንዘቡን እንዴት እንያዝ? ሳንቀያየም መመለስስ እንችላለን ወይ?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ጫማ፣ ስለ ቦርሳ ክብደትና ስለ ትንኝ መከላከያ አሳምረው ጽፈዋል፤ ያንን አልደግምም።

እኔና ሒሩት (ስሟ ሌላ ነው) ይህንኑ መንገድ በ2016 ዓ.ም. ከጥምቀት ሳምንት እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ሄደንበታል። ሁለታችንም የምንኖረው ስቶክሆልም ነው። እሷ የስዊድን ዜጋ ናት፤ እኔ ያኔ በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በመኖሪያ ፈቃድ ነበርኩ። ስለዚህ የምጽፍልሽ በአንቺ ሳይሆን በጓደኛሽ ቦታ ሆኜ ነው።

ከፓስፖርቱ ልጀምር፤ ገና ከመነሻው እኩል እንዳልሆናችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነውና። ባንኮክ ስንደርስ ሒሩት ፓስፖርቷን አስመትታ በአፍታ አለፈች፤ 30 ቀን፣ ያለ ክፍያ። እኔ ሲደርሱ ቪዛ ወደሚሰጥበት ሰልፍ ሄድኩ። ለእኔ ያኔ የሚፈቀደው 15 ቀን ነበር፤ ለዚያውም ፎቶግራፍ፣ የማርፍበትን ሆቴል አድራሻ፣ 10 ሺህ ባት የሚያህል ገንዘብና በ15 ቀን ውስጥ ከአገሩ የምወጣበትን ትኬት አሳይቼ። ወደ ላኦስ የምንሻገረው በየብስ እንደሆነ እያወቅሁ ለዚህ ሰልፍ ስል ብቻ የአውሮፕላን ትኬት ገዝቼ ነበር፤ ገንዘቡ በከንቱ ቀረ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ስወጣ ሒሩት ሁለቱንም ቦርሳዎች አጠገቧ አቁማ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። «ምነው ቆየሽ?» አለችኝ። ክፉ አስባ አልነበረም። ያቺ «ምነው» ግን እስከ ላኦስ ድረስ አብራኝ ተጓዘች።

አንቺ እንደ ሒሩት ትሆኛለሽ ማለት ነው። ከጓደኛሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ የየአገሩን ቪዛ አብራችሁ ፈልጉ፤ እሷ ብቻዋን ሌሊት ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣ እንዳታድር። ሕጉ ስለሚለዋወጥ እኔ ያየሁትንም ከኤምባሲዎቹ አረጋግጡ። የቬትናም ቀላል ነው፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሮኒክ ቪዛው ለየትኛውም አገር ዜጋ ክፍት ሆኗል፤ እስከ 90 ቀን ይሰጣል፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር ነው። ስሟን ስትሞላ ግን አንድ ፊደል እንዳይዛነፍ፤ የእኛ ሰው ስም በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በመኖሪያ ፈቃዱ ሌላ ዓይነት ሆኖ የተጻፈበት ብዙ ነው። የላኦስን እኔ ባንኮክ ካለው ኤምባሲያቸው አውጥቻለሁ፤ ጥቂት ቀን አስጠበቀኝ። የመኖሪያ ፈቃዷም በጉዞው መካከል እንዳያልቅባት ከወዲሁ እዩት።

የቪዛ ወጪውን ማን ይክፈል? እኛ የደረስንበት ውሳኔ እንዲህ ነው፦ የቪዛውን ክፍያ እኔ ራሴ፣ ቪዛ ስጠብቅ ያደርንባቸውን ቀናት የአልጋ ወጪ ግን ሁለታችንም። ሌላ ሰው ሌላ ሊል ይችላል። ቁም ነገሩ ሳይነሣ አለመቅረቱ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የእኛን ነገር ታውቂዋለሽ። ሂሳብ ሲመጣ እጅ ለእጅ መያያዝ፣ «በሞቴ!»፣ «እኔ እያለሁ?»፣ አስተናጋጁን በዓይን መጥቀስ። በወር አንድ ጊዜ ቡና ስትጠጡ ደስ የሚል ነገር ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ90 ቀን ግን የሚዘለቅ አይደለም። ሒሩት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ እኔ በአረጋውያን መኖሪያ ረዳት ነርስ ነኝ፤ በየወሩም ለእናቴ የምልከው አለ። ጉዞ ላይ ነኝ ብዬ የማቋርጠው ነገር አይደለም። ይህን ሁሉ ሒሩት ታውቃለች ብዬ አስብ ነበር። አታውቅም። ነግሬያት አላውቅማ! እሷ ጥሩ ምግብ ቤት ገብታ ትከፍላለች፤ እኔ በማግስቱ ብድር ለመመለስ ያንኑ ያህል አወጣለሁ፤ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልኬ እደምራለሁ። ሆድ ይፍጀው እያልኩ ሁለት ሳምንት ሄድኩ።

ከታይላንድ ወደ ላኦስ ተሻግራችሁ ከድንበሯ ከተማ ከሁዋይ ሳይ ወደ ሉዋንግ ፕራባንግ ከተማ የሚወስደውን ጀልባ መያዛችሁ አይቀርም፤ አያምልጣችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በሜኮንግ ወንዝ ላይ ነው። ረጅም የእንጨት ጀልባ ነው፤ ወንበሮቹ ከአሮጌ መኪና የተነቀሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከወለሉ ጋር ስላልታሰሩ ጀልባው ሲዞር አብረው ይዞራሉ። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ቀድሞ የደረሰ ሰው ከፊት ይቀመጣል፤ ዘግይቶ የመጣ ሲደነቁር ይውላል። እኔ ከቤት በሶና ቆሎ ይዤ ነበር። በሶውን በውሃ ጠርሙስ እየመታን ጠጣን፤ ቆሎውን ፊት ለፊታችን ለተቀመጡ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ዘገንን፤ ከጉዞው ሁሉ የምወደው ቀን ያ ነበር ማለት እችላለሁ። ጀልባው ማታ ፓክቤንግ የምትባል መንደር ያድራል። እዚያ ሒሩት የአየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ፈለገች፤ እኔ ማራገቢያ ያለውን። ልዩነቱ ጥቂት ዶላር ነው። «እንዳልሽ» አልኳት። ይህች «እንዳልሽ» የምትባል ቃል፣ እህቴ፣ ከእኛ አፍ ስትወጣ ብዙ ጊዜ ትርጉሟ ሌላ ነው። በሁለተኛው ቀን ጀልባ ላይ አሥር ቃል የተነጋገርን አይመስለኝም።

ሉዋንግ ፕራባንግ ስንደርስ ጠቡ ፈነዳ። ምክንያቱን ስነግርሽ ትስቂያለሽ። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ በ10 ሺህ ኪፕ ገዝቼ ክፍላችን አስቀምጫለሁ፤ ግማሽ ዶላር አካባቢ ማለት ነው። ከደጅ ስመለስ ሒሩት በረንዳው ላይ ሆና በዚያ ውሃ አቧራ የጠጣ እግሯን ትታጠባለች። ያበድኩት እኔ ነኝ። ከባንኮክ ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ፣ ትኬቱ፣ ሰልፉ፣ «ምነው ቆየሽ»፣ የፓክቤንግ አልጋ፣ ሁሉም በግማሽ ዶላር ውሃ ውስጥ ወጣ። እሷ ጠርሙሱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች በመጨረሻ።

«ምን ብዬ?»

«ገንዘብ ያጥረኛል ብለሽ ነዋ። እኔ እኮ የሰሰትሽ መስሎኝ ነበር።»

ከሁሉ የጎዳኝ ይህ ነበር። እኔ ክብሬን የጠበቅሁ መስሎኝ ዝም ስል፣ እሷ በዝምታዬ ውስጥ ያነበበችው ንፍገት ነው።

የዚያን ቀን ማታ ደብተር አውጥተን ተቀመጥን። እያንዳንዳችን ሦስት ቁጥር ጻፍን፦ በጠቅላላ ያለኝ፣ በቀን ላወጣ የምችለው፣ ምንም ቢመጣ የማልነካው። በሦስተኛው ውስጥ ለእናቴ የምልከውና ለክፉ ቀን የአውሮፕላን መመለሻ አለ። ደብተሩን ተለዋወጥን። ለሃያ ዓመት የማውቃት ልጅ የኪሴን ቁጥር ስታነብ እፍረቱ ፊቴን አቃጠለኝ፤ አልዋሽሽም። ይህን እናንተ ቤታችሁ ሆናችሁ፣ ትኬት ሳትቆርጡ አድርጉት። የሁለታችሁ የቀን ወጪ በጣም ከተራራቀ ጉዞው የሚመጠነው በአነስተኛው ነው። እሱ ካልተመቸሽ ጉዞውን ማሳጠር ይሻላል እንጂ «እኔ እሸፍንላታለሁ» ብለሽ አትነሺ። አንድ ሳምንት ትሸፍኛለሽ፤ ከዚያ በኋላ እሷ እንግዳሽ እንጂ ጓደኛሽ አትሆንም።

ከዚያ ወዲያ በጋራ ቋት ሄድን። በከተማዋ የማታ ገበያ የሞንግ ብሔረሰብ ሴቶች በእጃቸው የጠለፏትን ዚፕ ያላት ትንሽ ቦርሳ ገዛን፤ እሷ ቋት ሆነች። በየሳምንቱ እኩል እንጥልባታለን። አልጋ፣ መጓጓዣ፣ ውሃና አብረን የምንበላው ምግብ ከቋቱ ይወጣል። ማሳጅ፣ ስጦታ፣ ቢራ፣ የሒሩት ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ልዩነት (አዎ፣ እሱም ቢሆን) ከግል ኪስ። እንደ ዕቁብ ዳኛም ሾምንላት፤ አንድ ሳምንት እሷ፣ አንድ ሳምንት እኔ። የሳምንቱ ዳኛ ብቻ ይከፍላል፤ ሌላዋ ሂሳብ ሲመጣ እጇን ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች። መጀመሪያ ላይ ያ ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት እንዳሳከከን! በአሥር ቀን ግን ለመድነው። ወጪ የሚመዘግቡ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ፤ ሞክረናቸዋል፤ «ይህን ያህል አለብሽ» እያለ ስልኬ ሲነግረኝ ደስ አላለኝም። ቋት ዕዳ አታውቅም፤ ካለቀች አለቀች።

ከላኦስ ዋና ከተማ ከቪየንቲያን ወደ ቬትናም ዋና ከተማ ወደ ሃኖይ በአውቶቡስ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈጃል፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ አውቶቡስ አልኩ። ሒሩት በቀጥታ፣ ሳትለማመጥ፣ «እኔ በአውሮፕላን ነው የምሄደው። አብረሽኝ እንድትሆኚ ስለምፈልግ ልዩነቱን እኔ እከፍላለሁ። ካልፈለግሽ ሃኖይ እንገናኝ» አለች። ከደብተሩ በፊት ቢሆን ቁስል ይሆንብኝ ነበር። እሺ አልኳት። ብድሩንም አልመለስኩም፤ እስከ ዛሬ።

ሃኖይ እያለን ዐቢይ ጾም ገባ። እኔ እጾማለሁ፤ ሒሩት አትጾምም። ጓደኛሽ የምትጾም ከሆነ በእኛ ጊዜ እንዳየሁት ቬትናም አታስቸግራትም። የቡድሃ ተከታዮቹ በጨረቃ ወራቸው በመጀመሪያውና በአሥራ አምስተኛው ቀን ሥጋ የማይበሉ ብዙ ስለሆኑ «ቻይ» የሚል የተጻፈበት የጾም ምግብ ቤት በየሰፈሩ አለ። «ቶይ አን ቻይ» በዪ፤ ይገባቸዋል። እዚያ አገር ከሥጋው ይልቅ የሚያታልለው ከዓሣ የሚሠራው ፈሳሽ ማጣፈጫ ነው፤ ተራ ምግብ ቤት ከሆነ በአትክልት ወጥ ውስጥ ሳይቀር ይጨምሩታል። እንቁላል አንዳንድ ቦታ ስለሚገባ ጠይቂ። ታይላንድ ደግሞ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈች ምልክት ፈልጊ፤ «ጄ» ይሏታል። በጾሙ ምክንያት ከሒሩት ጋር ለየብቻ የምንበላባቸው ቀናት መጡ። ለካ ያስፈልገን የነበረው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሆን ብለን መለያየት ጀመርን። ሆይ አን በምትባል የቬትናም ከተማ ሒሩት ልብስ አሰፋች፤ ልኬት፣ ማስተካከያ፣ እንደገና ልኬት፣ ሦስት ቀን። እኔ በአቅራቢያዋ ካለችው ከዳ ናንግ ከተማ ባቡር ይዤ ብቻዬን ወደ ሁዌ ከተማ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ሃይ ቫን ተራራ ላይ ባቡሩ በገደሉ ወገብ ይሄዳል፤ ባሕሩ ከመስኮትሽ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1802 እስከ 1945 የቬትናም ንጉሦች መቀመጫ የነበረውን ግቢ ቀኑን ሙሉ ዞርኩበት፤ ማንም አልቸኮለብኝም፤ ማንንም አልጠበቅሁም። ስመለስ ያየሁትን ለመንገር ቸኩዬ ነበር። ደንባችን አጭር ነው፦ የት እንደምታድሪ ጻፊ፣ ማታ አንድ መልእክት ላኪ፣ በተባለው ቀን ተገኚ። በመጨረሻም ሒሩት ከካምቦዲያ ወደ ታይላንድ ደሴቶች ልመለስ አለች። እኔ ለሌላ ቪዛ ዳግመኛ መሰለፍ አልፈለግሁም፤ ከፕኖም ፔን ወደ ቤቴ በረርኩ። ማንም አልተቀየመም።

ሞተር ብስክሌት መከራየት ካሰባችሁ፣ የሞተር መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ኢንሹራንሳችሁ ለአደጋ ላይከፍል ይችላል፤ ውሉን አንብቡት። እኛ ከነባለቤቱ ተከራየን።

መቼ እንደምትነሡ ግን አልጻፍሽም። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ከሆነ ሰሜን ታይላንድና ሰሜን ላኦስ ማሳና ጫካ ስለሚቃጠል በጭስ ይታፈናሉ፤ ከደቡብ ጀምሩ። ጥቅምትና ኅዳር ከሆነ ሆይ አን ወንዙ መንገድ ላይ የሚወጣበት ወቅት ነው፤ ወደ ኋላ አድርጉት። ወሩን ጻፊልኝና መንገዱን ከየት ብትይዙት እንደሚሻል እነግርሻለሁ።