ቅርብ ያለውን ውድድር አትዝለሉት

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ዕድሜዬን በምህንድስና ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ወጣት መሐንዲሶች ይደውሉልኛል፤ ደስ ይለኛል። የአብዛኞቹ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ጋሼ፣ ትልቁ ፕሮጀክት ላይ እንዴት ልግባ? ውጭ አገር እንዴት ልሞክር?» ይሉኛል። ሰው ትልቅ ነገር ቢመኝ ነውር የለበትም። እኔን የሚያሳስበኝ አሁን እጃቸው ላይ ያለውን ሥራ እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ማየታቸው ነው። የወረዳው ድልድይ፣ የቀበሌው አዳራሽ፣ የትንሿ ከተማ የውሃ መስመር ሲሰጣቸው ፊታቸው ይጨልማል።

ዛሬ መልሴን በአንድ የታይዋን ጎልፈኛ ታሪክ ልስጣችሁ። ሉ ሊያንግ-ሁዋን ይባላል። ጎልፍ አናውቅም የምትሉ አትጨነቁ። ኳሷን በትንሹ ምት ጉድጓድ ውስጥ ያስገባ ያሸንፋል፣ በቃ። ሜዳው 18 ጉድጓድ አለው። ትልልቆቹ ውድድሮች አራት ቀን ይፈጃሉ፤ ሲደመር 72 ጉድጓድ ነው።

ዓለም ሉን ያወቀው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1971 ነው። ቦታው እንግሊዝ አገር የሚገኘው የሮያል በርክዴል ሜዳ፣ ውድድሩ ደግሞ ከዓለም ትልልቅ የጎልፍ ውድድሮች አንዱ የሆነው ብሪቲሽ ኦፕን፣ 100ኛው ነበር። ሉ ትንሽዬ ባርኔጣ ያደርጋል። ሕዝቡ ባጨበጨበለት ቁጥር ባርኔጣውን ብድግ እያደረገ እጅ ይነሳል። በዚህ ትሕትናው ተመልካቹ ወደደው፤ «ሚስተር ሉ» እያለ ይከተለው ጀመር። በመጨረሻው ቀን አብሮት የሚጫወተው አሜሪካዊው ሊ ትሬቪኖ ነበር። ይመራ የነበረው ትሬቪኖ በ17ኛው ጉድጓድ ላይ ተሰናከለና በሁለቱ መካከል የቀረው ልዩነት አንድ ምት ብቻ ሆነ።

18ኛው ላይ የሆነውን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። የሉ ሁለተኛ ምት ከመስመር ወጣ፤ ኳሷ ተመልካች መሃል ገብታ የአንዲት ሴት ጭንቅላት መታች። ኳሷ ነጥራ ወደ ሜዳው ተመለሰች፤ ሴትዮዋ ግን ሆስፒታል ተወሰደች። እስቲ ራሳችሁን እሱ ቦታ ላይ አድርጉት። ዋንጫው አንድ ምት ይርቃል፤ የመታችሁት ኳስ ሰው ጎድቷል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያያችኋል። ያን ጊዜ እጅ አይንቀጠቀጥም? ሉ ጉድጓዱን በአራት ምት ጨረሰው። ለዚያ ጉድጓድ የተመደበው አምስት ነው። ትሬቪኖም አራት መታና 278 ለ279 አሸነፈ። ሉ በአንድ ምት ሁለተኛ ወጣ።

ያ ጽናት እዚያው እንግሊዝ አገር የተገኘ እንዳይመስላችሁ። ሉ ያን ቀን 34 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያውን ሆንግ ኮንግ ኦፕን ያሸነፈው ገና በ22 ዓመቱ፣ በ1959 ነው። የመጀመሪያው ስል እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ማለቴ ብቻ አይደለም፤ ውድድሩ ራሱ ሲጀመር ማለቴ ነው። በዚያን ጊዜ የትኛው የለንደን ጋዜጠኛ ስሙን ያውቅ ነበር? ከዚያ እስከ በርክዴል 12 ዓመት አለ። እኔ የማደንቀው እነዚያን 12 ዓመታት ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የእስያ አገሮች ውድድሮቻቸውን አያይዘው አንድ ዙር አደረጉት። በፊሊፒንስ፣ በሲንጋፖር፣ በማሌዥያ፣ በሆንግ ኮንግ፣ በጃፓን ይካሄዳል፤ በኋላ ታይላንድና ታይዋንም ገቡበት። ተጫዋቹ አንዱን ውድድር ጨርሶ ሻንጣውን ያነሳና ወደ ቀጣዩ አገር ይሄዳል። በየአገሩ ሣሩ ይለያያል። ሞቃት አገር ላይ ሣሩ አንድ አቅጣጫ ይዞ ስለሚተኛ ቀስ ብላ የምትንከባለለውን ኳስ ይጎትታታል። ይህን በዓይን አይቶ መለየት ያስፈልጋል፤ ደጋግሞ ያልተጫወተበት አይለየውም። ከነፋሱና ከሙቀቱ ጋር ደግሞ ሌላ ትግል አለ። ሁለት ቀን ተጫውቶ ውጤቱ ያላማረ ሰው ይቆረጣል፤ ቅዳሜና እሑድ ሌሎቹን ቆሞ ያያል እንጂ አይጫወትም። ሉ ያደገው በዚህ ዙር ነው። በ1971 እንኳ በርክዴል ላይ ከመታወቁ በፊት ታይላንድ ኦፕንን አሸንፎ ነበር።

ወደ እኛ ሥራ ልመለስ። የወረዳዋ ድልድይ የምታስተምረውን ትልቁ ፕሮጀክት አያስተምርም። ትልቁ ላይ የአፈር ምርመራ የሚሠራ ሌላ፣ ስሌት የሚሠራ ሌላ፣ ከኮንትራክተር ጋር የሚጨቃጨቅ ሌላ ነው። ትንሿ ላይ ሁሉም እናንተው ጫንቃ ላይ ነው። ሲሚንቶው ሲዘገይ፣ ዝናብ ሲቀድማችሁ፣ የመንደሩ ሽማግሌ «ወንዙ በክረምት እስከዚህ ይደርሳል» ሲሏችሁ፣ ወስኑ የምትባሉት እናንተ ናችሁ። እኚያን ሽማግሌ አዳምጧቸው፤ የጎርፉን ከፍታ የሚነግራችሁ ሰነድ ብዙ ጊዜ የለም። ሐኪምም ሁኑ አስተማሪ፣ ሶፍትዌር ጻፉ ሒሳብ ያዙ፣ በየሙያችሁ ይህን የሚመስል ቦታ አለ።

ሌላም ነገር አለ። ሉ የተወለደው በሰሜን ታይዋን፣ ታምሱይ በምትባል ቦታ ነው። እዚያ በ1919፣ በጃፓን አገዛዝ ዘመን፣ ድሮ ወታደር ይሠለጥንበት በነበረ መሬት ላይ የጎልፍ ሜዳ ተሠርቶ ነበር። ሜዳው ለሀብታም ቢሠራም የአካባቢው ልጆች የተጫዋቾችን የጎልፍ ዱላ እየተሸከሙ፣ እያዩ፣ እየሞከሩ ጨዋታውን ለመዱት። ከዚያች ጠባብ አካባቢ የእስያ ሻምፒዮኖች በተከታታይ ወጡ። ሺዬ ዩንግ-ዮ አንዱ ነው፤ ሆንግ ኮንግ ኦፕንን አራት ጊዜ ወስዷል። አስቡት፣ የሉ ብርቱ ተፎካካሪ የገዛ ወንዙ ልጅ ነበር። እናንተም ከእናንተ የሚሻል ጓደኛ አትሽሹ። መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ሥራዋን አይታችሁ የምትቀኑባት ልጅ ካለች ምሳችሁን ከእሷ ጋር ብሉ። ንድፋችሁን አሳዩዋት። ስሕተት ስታወጣባችሁም አትቀየሟት።

ከበርክዴል በኋላስ? ብዙዎቻችሁ አንድ ትልቅ ቃለ መጠይቅ ላይ ሳይሳካላችሁ ሲቀር ለወራት እንደምትዘጉ አውቃለሁ። ሉ በአንድ ምት የተሸነፈበትን ዋንጫ ይዞ አልተቀመጠም። በዚያው ክረምት ፈረንሳይ ሄዶ በቢያሪትስ ከተማ ፈረንሳይ ኦፕንን አሸነፈ። በ1972 ደግሞ ከሌላው የታይዋን ጎልፈኛ ከሺዬ ሚን-ናን ጋር ሆኖ ሜልበርን ላይ ለታይዋን የጎልፍ የዓለም ዋንጫ አመጣ። በዚያ ውድድር በግል አንደኛ የወጣው ሺዬ ሚን-ናን ነው፤ የቡድኑ ዋንጫ ግን የሁለቱም ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የ1974ቱን ነው። ስሙ ዓለምን ከዞረ በኋላ ሉ ወደዚያው የእስያ ዙር ተመልሶ እንደገና ሆንግ ኮንግ ኦፕንን አሸነፈ። ከመጀመሪያው 15 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቅርቡን ውድድር የሩቁ መሸጋገሪያ ብቻ አድርጎ ቢያየው ኖሮ አይመለስም ነበር። በ2022፣ በ85 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ «ትልቁን መቼ ልሞክር?» ለምትሉኝ፦ አሁኑኑ ሞክሩ፤ ማመልከቻውን አስገቡ፣ ፈተናውን ተቀመጡ። ግን መልሱን እየጠበቃችሁ የወረዳዋን ሥራ አታጓትቱ። በዚህ ሳምንት እጃችሁ ላይ ያለውን ንድፍ አውጡና ከሥር እንደገና አስሉት። ሳይቱንም በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ፎቶ ይላክልኝ አትበሉ። ያገኛችሁትን ጻፉልኝ፤ አነበዋለሁ፣ እመልስላችኋለሁም።