ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ልጄ ተኝታ እኔ ለምን አልተኛም?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 27 ነው። ሁለተኛዋን ልጄን ከወለድኩ 4 ወሬ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሆዴ ይባባ ጀመር፤ ክርስትና ተነሥታ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ ወዲህ ግን ባሰብኝ። ልጄ ተኝታ እኔ ዐይኔን አልከድንም። ምግብ አይጥመኝም፤ ሳጠባት የሰው ልጅ የያዝኩ ይመስለኛል። አንዳንዴም «ምነው ባልተፈጠርኩ» እላለሁ። አማቴ የአራስ ብርድ ነው ይላሉ፤ ባለቤቴ ጻድቃኔ ማርያም ልውሰድሽ ይለኛል። አንዲት ዘመዴ ደግሞ በ45ኛው ቀን የተወጋሁትን የሦስት ወር መርፌ አንሥታ «የሆርሞን ነገር ነው» አለችኝ። እውነት ሆርሞን ሰውን እንዲህ ያደርጋል? መድኃኒት ብውጥስ ልጄን አይጎዳም?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። «ምነው ባልተፈጠርኩ» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስለዚህ ከሆርሞኑ በፊት ከእሱ ልጀምር። ይህን ማሰብሽ ክፉ እናት አያደርግሽም፤ ሕመሙ ነው የሚያናግርሽ። ዛሬውኑ ለባለቤትሽ ንገሪውና ነገ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሐሳቡ ራሴን ላጥፋ ወይም ልጄን ልጉዳ ወደሚል ከተሻገረ ግን ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሺው፤ ለአፍታም ብቻሽን አትሁኚ፤ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱሽ። ከወሊድ በኋላ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የምትሰማ፣ ለቀናት ያለ እንቅልፍ የምትቅበዘበዝ፣ ንግግሯ የሚዘባረቅባት አራስም እንዲሁ ለነገ አትባልም።

አሁን ወደ ዘመድሽ ቃል ልመለስ፤ ከፊሉ እውነት ነውና። በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች መጠናቸው ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ አብዛኛውን የሚያመነጨው እንግዴ ልጁ ነው። እንግዴ ልጁ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። ከጣርማ በር ጋቢ ለብሶ የተሳፈረ ሰው ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሚሆነውን ታውቂያለሽ፤ ጆሮው ይደፈናል፣ ላብ ያጠምቀዋል። አንዱ ምንም ሳይመስለው ይወርዳል፣ ሌላው ያቅለሸልሸዋል፤ መንገዱ ግን ያው አንድ ነው። የሆርሞኑም መውረድ በወላዶች ሁሉ ይደርሳል፤ የአንዳንዷ አንጎል ግን ለለውጡ ከሌላዋ ይልቅ ስሱ ነው። ፕሮጄስትሮን በሰውነት ውስጥ ተለውጦ አንጎልን የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር ይወጣዋል፤ እሱ በድንገት ሲጎድል እንቅልፍና መንፈስ መታወኩ የሚገርም አይደለም።

በወለዱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ያለ ምክንያት ማልቀስ በጣም የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ያንቺ ግን ከሦስት ወር በላይ ሆኖታል፤ እንቅልፍሽን፣ ምግብሽንና ከልጅሽ ጋር ያለሽን ፍቅር ነክቷል። እንደ ጻፍሽው ከሆነ የድኅረ ወሊድ ድባቴ ይመስለኛል፤ ማረጋገጥ የሚቻለው ግን አይቶሽና ጠይቆሽ ነው። በዚህ ሕመም ከአሥር እናቶች ቢያንስ አንዷ ትያዛለች። ሆርሞን ደግሞ ብቻውን አይሠራም፤ የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ ድህነት፣ የቤት ጠብ፣ ቀደም ሲል የነበረ ድባቴ፣ እነዚህ ሁሉ ያግዙታል። በቤት ውስጥ የሚመታሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ሰው ካለ ለባለሙያው ብቻሽን ሆነሽ ንገሪ።

መርፌውን በተመለከተ ቀኑን እንቁጠር። ሆድሽ የባባው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ የተወጋሽው በ45ኛው ቀን። ስለዚህ አባብሶት ሊሆን ይችላል እንጂ አልጀመረውም። አንዳንድ ሴቶች ከዚህ መርፌ በኋላ ስሜታቸው እንደሚቀየር ይናገራሉ፤ የተወጋ መርፌ ደግሞ ተመልሶ አይወጣም። ቀጣዩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል፤ ከመወጋትሽ በፊት ሆርሞን የሌለው ሉፕ እንደሚስማማሽ ጠይቂ። ዝም ብለሽ ግን አትተዪው፤ በዚህ አቅምሽ ላይ ሌላ እርግዝና ይከብድሻል።

ሁለት የደም ምርመራዎች እንዲደረጉልሽ እፈልጋለሁ። አንዱ የደም ማነስ ነው። ሌላው የታይሮይድ ነው፤ ይህ አንገት ላይ ያለ፣ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው ዕጢ ከወሊድ በኋላ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ይታወካል። ሥራው ሲቀንስ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና መደበት ያመጣል። ምናልባት አማትሽ ብርድ ያሉት እሱን አይተው ይሆናል። ይህም መድኃኒት አለው።

ስለ ወተትሽ አትስጊ። ቀለል ያለ ድባቴ በምክክርና በእረፍት ሊሻል ይችላል፤ መድኃኒት ካስፈለገ ለሚያጠቡ እናቶች የሚመረጡ አሉ፤ ለምሳሌ ሰርትራሊን ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። ጡት ማስጣል አያስፈልግሽም። ከዚህ ቀደም ከልክ ያለፈ ደስታና እንቅልፍ የማያስፈልግበት ጊዜ አጋጥሞሽ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ተናገሪ፤ የመድኃኒቱ ምርጫ ይለወጣል። ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ሲሻልሽም በራስሽ አታቋርጪው፤ ብዙውን ጊዜ ከዳንሽ በኋላም ቢያንስ ለስድስት ወር ይቀጥላል።

ጻድቃኔ ማርያም መሄዱን አልከለክልሽም፤ እምነትሽ ብርታትሽ ነው። ጸበሉን ተጠመቂ፣ መድኃኒቱንም ዋጪ። የምለምንሽ ጸበሉ እስኪያሽርሽ ሕክምናውን እንዳታቆዪ፣ ባዶ ሆድሽንም እንዳትሰነብቺ ነው።

አማትሽ መንስኤውን ቢስቱም ባህላችን አራስን ብቻዋን አለመተዉ፣ ገንፎ ማብላቱ፣ ከሥራ ማሳረፉ ትልቅ ሕክምና ነው። የሚያሳዝነኝ ሰማንያው ቀን ሲሞላ ሁሉም አንድ ላይ መቋረጡ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ይህን ያንብብልኝ፦ ወንድሜ፣ አመሻሹ ላይ ሕፃኗ ከጠባች በኋላ እርስዎ ወይም እናትዎ ይያዟት፤ ባለቤትዎ ሳትቀሰቀስ አራት አምስት ሰዓት ትተኛ። ውኃና እንጨቱን ለጊዜው ሌላ ሰው ያምጣ።

እኛም የጤና ባለሙያዎች ጥፋት አለብን። ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ሲመጡ እንመዝናቸዋለን፤ ያመጣቻቸውን እናት «አንቺስ እንዴት ነሽ? ትተኛለሽ?» የምንላት ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ነገ ሳትጠየቂ ተናገሪ። «ድካም ነው» ካሉሽ እሺ ብለሽ አትመለሺ። ቃል ካጠረሽም ለእኔ የጻፍሽውን ይህንኑ ደብዳቤ ለነርሷ ስጫት፤ ማወቅ የሚገባት ሁሉ በውስጡ አለ።