ጥያቄ ከሰሜን ሸዋ፦ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የእርሳስ ወታደሮች

የዚህ ዕትም ደብዳቤዎች ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው፤ ጉዳያቸውም አንድ ነው፦ በጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚሰለፉት፣ ቁመታቸው የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል አሮጌ የብረት ወታደሮች። አንዳንዱ ሚኒየቸር ይላቸዋል፣ አንዳንዱ የእርሳስ ወታደር። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከእንግሊዝ አገር ሲመጣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩ መቶ ያህል ወታደሮች አመጣልኝ፤ በቺፑድ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ሁለት ክረምት አልፎ ሳወጣቸው ገሚሶቹ ጠቁረዋል፤ ዐሥር ያህሉ ደግሞ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ዝገት ነው? ከአንዱ ወደ አንዱስ ይተላለፋል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጥቁረቱንና ዱቄቱን ለየብቻ ይዩአቸው። ጥቁር ግራጫው እርሳስ አየር ሲነካው የሚያበጀው ስስ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ያለውን ብረት ይጠብቃል እንጂ አይበላም። እስኪያብረቀርቅ መፈተግ ትርፉ ድካም ነው። ቀለም ሊቀቡ ካሰቡ በሳሙና ማጠብ ይበቃል።

ነጩ ዱቄት ግን የምር ችግር ነው። የአሲድ ትነት፣ እርጥበትና በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተባብረው እርሳሱን ወደ እርሳስ ካርቦኔት እየለወጡት ነው። አሲዱ የመጣው ከቁም ሳጥኑ ነው፦ ቺፑድ ከእንጨት ፍቅፋቂና ከማጣበቂያ ስለሚሠራ አሴቲክና ፎርሚክ አሲድ ለረጅም ጊዜ ይተናል። ያልደረቀ እንጨትና ካርቶንም ያው ናቸው። እንደ ጉንፋን ከአንዱ ወደ አንዱ አይተላለፍም፤ ሁሉም አንድ የታመቀ አየር ስለሚተነፍሱ ግን ተራ በተራ ይያዛሉ። መጀመሪያ የሚጎዱት ቀጫጭኖቹ ናቸው፦ የጦር ጫፍ፣ የሰይፍ አፍ፣ ጣት። በቀለም ሥር ከጀመረ ደግሞ ቀለሙ ያብጥና ይፈነዳል።

ዱቄቱን በደረቁ አይቦርሹት፤ የሚቦነው እርሳስ ነው፣ ይተነፍሱታል። ጓንት አድርገው በጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውሃ ላይ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩና ወታደሩን ውሃው ውስጥ እንደያዙ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉት። እጥፋቱ ውስጥ የቀረውን በስቴኪኒ ይቆርቁሩ። ውሃ ለውጠው ሁለት ጊዜ ካለቀለቁ በኋላ በሶፍት አድርቀው አንድ ሙሉ ቀን አየር በሚገባው ቦታ ያቆዩት። ከዚያ ሳይዘገዩ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ሽፋን) ወይም ቫርኒሽ ይቀቡት፤ የእግሩን ሥርም ጭምር! ብዙ ሰው እሱን ይረሳና ዱቄቱ በዚያው ተመልሶ ይወጣል። ዝቃጩን ጓሮ አትክልት ላይ አይድፉ፤ በሶፍት መጥጠው በፌስታል ቋጥረው ይጣሉት። ሳህኑም ወደ ማዕድ ቤት አይመለስ።

ማስቀመጫውን ካልለወጡ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ክረምት ብቻ ነው። የብረት ሳጥን ወይም ክዳኑ ላይ አራት አምስት ቀዳዳ የተበሳ የፕላስቲክ የምግብ መያዣ ይሻላል። ከጫማ ካርቶን የሚገኘው የእርጥበት መጣጭ ከረጢት እርጥበቱን ይቀንሳል፣ አሲዱን ግን አይዝም። የመስታወት ሳጥን የሚያሠሩ ከሆነ ደግሞ ሲሊኮኑን ያሽትቱት፦ አቼቶ አቼቶ የሚል ከሆነ ሲደርቅ የሚለቀው አሴቲክ አሲድ ነው፤ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ሳጥኑ ባዶውን ተከፍቶ ይቆይ። ነጭ የእንጨት ኮላም ትኩስ ሲሆን እንዲሁ ነው፤ የእግር ማቆሚያውን አሸዋ በኮላ ካጣበቁ ከሳምንት በፊት ሳጥን ውስጥ አይክተቱ። ጠላና ጠጅ የሚጠመቅበት ጓዳም ለእነዚህ ወታደሮች መጥፎ ጎረቤት ነው፤ የኮመጠጠ ሁሉ ጠላታቸው ነው።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንድ ሰው ሦስት ወታደር «ድሮ የተሠሩ ናቸው» ብሎ ሰጠኝ። እርሳስ መሆናቸውንና ቅጂ አለመሆናቸውን በምን አውቃለሁ? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ቀለም ያልነካውን ሥሩን ነጭ ወረቀት ላይ ጫን አድርገህ ጎትተው። እርሳስ የበዛበት ብረት ግራጫ መስመር ይጥላል፤ ቆርቆሮ የበዛበት አይጥልም ወይም እጅግ የደበዘዘ ይጥላል። ክብደትም ይናገራል፦ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እርሳስ 11.3 ግራም ሲመዝን ቆርቆሮ 7.3 ግራም ነው። የድሮዎቹ የእርሳስ፣ የቆርቆሮና የአንቲሞኒ ቅይጥ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብዙ አምራቾች እርሳሱን አስወጥተው በቆርቆሮ ተክተዋል። ቆርቆሮ የበዛበት ብረት ሲታጠፍ ቀጭን የመንቋቋት ድምፅ ያሰማል፤ ይህን ግን በወታደሩ እጅ ወይም መሣሪያ ላይ አትሞክረው።

ሥሩን ገልብጠህ አንብብ። የአሜሪካው አምራች ራል ፓርታ (እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ) እና የእንግሊዙ ሲታዴል (እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ) ብዙ ጊዜ ስማቸውንና ዓመተ ምሕረት ያሳርፋሉ። ዓመቱ ግን ቅርጹ የወጣበት ነው፤ ያ ወታደር የተቀለጠው ከዚያ ዐሥር ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሲታዴል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ከእግር ሥር ባለ ስስ ምላስ ፕላስቲክ ማቆሚያ ላይ የሚሰኩ ወታደሮችን ማውጣት ጀመረ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ማቆሚያቸው አብሮ የቀለጠ ነው።

ቅጂ የሚሠራው ከዋናው ወታደር ላይ አዲስ የጎማ ቅርጽ ተወስዶ ስለሆነ ከዋናው በጥቂቱ ያጥራል፣ ዓይንና ጣት ይደፈናሉ፣ ፊቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ጎንና ጎኑ ላይ የሚሄደው መስመር ግን የቅጂ ምልክት አይደለም፤ ሁለቱ የጎማ ግማሾች የተጋጠሙበት ነውና ሁሉም ላይ አለ።

አንድ ነገር ሳንነግርህ አናልፍም፦ እነዚህን ስትነካ ቆይተህ ማዕድ ስትቀርብ እጅህን በሳሙና፣ ጥፍርህን በብሩሽ ታጠብ። እንጀራ የምንቆርሰው በጣታችን ነው። ብሩሽህንም በምላስህ አታሹለው፤ ታናናሾችህም እንዳይጫወቱባቸው።

ጥያቄ፦ የገዛኋቸው ወታደሮች ወፍራም ሲንተቲክ ቀለም ተቀብተው ፊታቸው ጠፍቷል። ጎረቤቴ በበረኪና ዘፍዝፈው፣ ካልሆነም በአቼቶ ይለኛል። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም። በረኪና ብረቱን ይቦረቡረዋል፤ አቼቶ ደግሞ ከላይ ያልነውን ነጭ ዱቄት በገዛ እጅ መጥራት ነው። ለብረት ወታደር የሚሻለው አሴቶን ነው። ግማሽ ሊትር በሚይዝ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ወታደር ደርድረው እስኪሸፍናቸው ያፍሱ፤ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከድነው አንድ ሁለት ሰዓት ያቆዩ። ሲንተቲኩ ሳይሟሟ እንደ ቆዳ ተኮማትሮ ይላቀቃል፤ በጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት፤ የቀረ ካለ ይድገሙ። መጨረሻ ላይ በሳሙና ይጠቡ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሲገዙ ጠርሙሱን ያንብቡ፤ አሴቶን የሌለበትም ይሸጣል፣ እሱ ሥራ አይሠራም።

ፕላስቲክ ጋሻና ማቆሚያ ካለ አስቀድመው ይንቀሉ፤ አሴቶን ያቀልጣቸዋል። ሱፐር ግሉም ስለሚለቅ እጅና ራስ ተለያይተው ቢያገኙ አይደንግጡ። ከሰል የተቀጣጠለበት፣ ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ ግን ማሰሮውን አይክፈቱ፤ ትነቱ እሳት ይስባል።

አሴቶን ካጡ ያልተበረዘ ዴቶል ለአንድ ሌሊት ይሠራል፤ ግን ብልሃት አለው። ቀለሙ ሳይራገፍ ውሃ ካስነኩት ዴቶሉና ቀለሙ ተቀላቅለው እንደ ሙጫ ይጣበቃሉ፣ ብሩሹም አብሮ ይበላሻል። መጀመሪያ እዚያው ዴቶል ውስጥ ይቦርሹ፣ በንጹሕ ዴቶል ያለቅልቁ፣ ውሃና ሳሙና ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ በጥር ስፕሬይ ፕራይመር ስረጭ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። በነሐሴ የረጨሁት ቫርኒሽ ደግሞ ጉም ለበሰ። ጣሳው ተበላሽቶ ይሆን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጣሳው ደኅና ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋሱም አያርፍም፤ ነጠብጣቡ ወታደሩ ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይደርቅና አሸዋ ሆኖ ያርፋል። በክረምት ደግሞ ከቀለሙ የሚተነው ፈሳሽ የወታደሩን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት እዚያ ላይ ጤዛ ይሆንና ቫርኒሹን ያነጣዋል።

ከ2,800 ሜትር በላይ ባለ ከተማ፣ በተለይ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ወቅት፣ የሚረጨው ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ነው። ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ዐሥር ደቂቃ ያቁሙት፤ ምድጃ አጠገብ ግን በፍጹም። ወታደሮቹንም ፀሐይ ያሙቃቸው፤ ብርዱን ያደረ ብረት ላይ ቀለም አይይዝም። ሁለት ደቂቃ ከናጡ በኋላ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ከወታደሩ ጎን ጀምረው ከጎኑ አልፈው የሚያቆሙ አጫጭር ምቶች ይርጩ። ጎኑ በተቆረጠ ካርቶን ውስጥ ቢረጩ ነፋሱን ይከልላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ስፕሬዩን ትተው በብሩሽ የሚቀባ ፕራይመር ይጠቀሙ። ለበር የሚሸጠው አንቲረስት ወፍራም ነው፤ ፊት ይደፍናል።

ጉም የለበሰው ቫርኒሽ ብዙ ጊዜ ይድናል፦ በደረቅ ቀን የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ በስሱ በብሩሽ ይቀቡበት፤ ሲደርቅ የማያብረቀርቀውን ከላይ ይድገሙ። አሸዋ የሆነውን ግን በአሴቶን አጥቦ እንደገና መጀመር ነው።

ጥያቄ፦ የዐድዋን ጦርነት ልናሰልፍ ተነሥተናል። ስንት ወታደር ያስፈልገናል? ነጭ ሸማውስ ለምን ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይመስልብናል? ቁመታቸው 25 ሚሊ ሜትር የሆኑ አሮጌዎችንና 28 ሚሊ ሜትር የሆኑ አዲሶችን ማደባለቅስ ይቻላል? (ከአንኮበር)

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር። በአንድ ጭፍራ ውስጥ አይደባልቁ፤ 25ቱ ከ28ቱ ጎን ልጅ ይመስላል። በተለያየ ጭፍራ ካሰለፏቸውና የትንንሾቹን ማቆሚያ በ2 ሚሊ ሜትር ካወፈሩት ግን ዓይን ይለምደዋል።

ቁጥሩን በተመለከተ ሙሉውን ጦርነት አይሞክሩት። የኢትዮጵያ ጦር ወደ 100,000፣ የጣሊያን 17,700 ያህል ነበር፤ አንድ ወታደር ስለ 50 ሰው ቢቆም እንኳ 2,000 እና 354 ይሆናል። በማርያም ሸዊቶ በኩል የተገኘውን የጣሊያኑን ጄኔራል የዳቦርሚዳን ብርጌድ ብቻ ይውሰዱ፤ 3,800 ገደማ ሰውና 18 መድፍ ነበረው፣ በዚያው ስሌት 76 ወታደር ይበቃዋል። በወገን በኩል ሁሉንም ጦርና ጋሻ አያስይዙ፤ በ1888 ዓ.ም. የዘመተው ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ የያዘ ነበር። ጎፈርና ለምድም የሹማምንትና የጀግኖች ነው፤ ከሃያ ለሁለቱ ይበቃል። ከጣሊያን ጎን ለተሰለፉት አስካሪዎች ቀይ ታርቡሽ (ባለ ዘርፍ ቆብ) ይቀቡ፤ ሻለቃዎቹ የሚለዩት በታርቡሹ ዘርፍና በመቀነቱ ቀለም ነበር።

አሁን ወደ ሸማው። ግድግዳ የሚመስለው ንጹሕ ነጭ በነጭ ፕራይመር ላይ ስለሚቀቡ ነው፤ ጥላ የሌለው ነጭ እጥፋት አያሳይም። በእጅ የተፈተለ ጥጥም እንደ ወረቀት ነጭ አይደለም። ግራጫ ፕራይመር ያድርጉ። አራት ጠብታ ነጭ፣ አንድ ጠብታ ቀላል ቡኒ፣ በስቴኪኒ ጫፍ የተነካ ግራጫ ቀላቅለው በውሃ አቅጥነው ሁለት ጊዜ ይቀቡ። አንድ ጠብታ ቡኒ በአምስት ጠብታ ውሃ በጥብጠው በቀጭን ብሩሽ እጥፋቱ ውስጥ ብቻ ይሳቡት፤ ሸማውን ሁሉ ካለበሱት የቆሸሸ ይመስላል። ሲደርቅ ከመጀመሪያው ቅልቅል አንድ እጅ፣ ከነጭ ሁለት እጅ አድርገው የእጥፋቱን ጀርባ ያንሱ። ንጹሕ ነጭ የሚነካው ትከሻው፣ ክንዱ ላይ የተጣለው ጫፍና ጉልበቱ ብቻ ነው።

ጥለቱ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ግን ዘዴ አለው። 28 ሚሊ ሜትር ወታደር በግምት ከሰው 60 ጊዜ ያንሳል፤ 6 ሴንቲ ሜትር ጥለት 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። 1 ሚሊ ሜትር መስመር በአንድ ጊዜ ለማስመር አይታገሉ። መጀመሪያ ቀይ ቡኒ በ2 ሚሊ ሜትር ስፋት ይሳቡ፤ ቀይ በቀጥታ ነጭ ላይ ሲያርፍ ሮዝ ስለሚመስል ነው። በላዩ ቀዩን ይቀቡ፤ ከዚያ በሸማው ቅልቅል ከላይና ከታች እየበሉ ያቅጥኑት። የተንቀጠቀጠው ሁሉ በዚያ ይስተካከላል።

ለፊት ቀላ ያለ ጥቁር ቡኒ ያስቀድሙ፤ ለአፍንጫ፣ ለጉንጭና ለግንባር ደግሞ ጥቂት ብርቱካናማ ቡኒ ይጨምሩበት። ነጭ ከጨመሩበት ቆዳው አመድ ይመስላል። ጎፈሩን ጥቁር ቡኒ ቀብተው ብሩሹን ቢጫ ቡኒ ካስነኩ በኋላ ወረቀት ላይ ምንም እስከማይቀር ይጥረጉትና ጠጉሩን አናት አናቱን ብቻ ያሻሹት።

ጥያቄ፦ የእርሳስ ጦሮች እየተጣመሙ፣ ሳቃናቸው እየተሰበሩ አስቸገሩኝ። (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እርሳስ አንድ ሁለቴ መቃናትን ይችላል፤ ከዚያ በላይ ይደክማል። የተሰበረውን በሱፐር ግሉ መቀጠል ዋጋ የለውም፤ ይለውጡት። ጦሩን ከጡጫው በላይና በታች በፒንሳ ቆርጠው ጡጫውን በ1 ሚሊ ሜትር ፑንታ በእጅ እያሽከረከሩ ይብሱ፤ በማሽን አይሁን፣ ለስላሳው ብረት ተለጥፎ ፑንታውን ያንቃል። ከመብሳትዎ በፊት በመርፌ ጫፍ ነጥብ ካላበጁለት ፑንታው ይንሸራተታል። የ0.8 ሚሊ ሜትር ነሐስ ሽቦ 45 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጠው አንዱን ጫፍ በመዶሻ ጠፍጥፈው በሞረድ ቅጠል ያስመስሉትና ያሳልፉት። ሱፐር ግሉ ለመድረቅ እርጥበት ይፈልጋል፤ በበጋ ከዘገየብዎ አንዴ እፍ ቢሉበት ይይዛል። ጫፉን ግን ጥቂት ያደንዝዙት፤ ወታደሩን ከሣጥን ሲያወጡ ጣት ይወጋል።